የግሮሆልመን የጸጥታ ወራት

አበርዲን፣ መስከረም 14 ቀን 1958

ለተከበሩ አክስቴ ለማግንሂልድ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎት ከልቤ እመኛለሁ። እኔም ባለቤቴ ኤልስፐትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ያ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ጣሪያውስ ክረምቱን ይችል ይሆን? ፖስተኛው ኦድቫር አሁንም በዚያች በምታስለው ሞተር ጀልባው ይመላለሳል?

አክስቴ፣ የዛሬው ደብዳቤ የምሥራች ነው። እዚህ ከተማ የወፍ ተመልካቾች ማኅበር ውስጥ መግባቴን ነግሬዎት ነበር። ሐኪሞች አሉበት፣ ዳኛ አለበት፣ አንድ ጡረተኛ ኮሎኔል አለበት። ባለፈው ስብሰባ እርስዎ በየጸደዩ ስለሚያልፉት ወፎች የሚጽፉልኝን አነበብኩላቸው። «ግንቦት 3፣ ከጠዋት እስከ ቀትር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ጠላቂ ወፎች ወደ ሰሜን አለፉ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ደከመኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ኮሎኔሉ ብድግ ብሎ «ይህች ሴትዮ ያለችው የት ነው?» አለ። እንዴት እንደኮራሁብዎት!

ነገሩን ላሳጥረው። ማኅበሩ ደሴታችንን ግሮሆልመንን ለዐሥር ዓመት ሊከራይ ይፈልጋል። ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ሰዎች መጥተው የወፎቹን ጉዞ ይመለከታሉ። ሰሜኑ ጫፍ ላይ የእንጨት ማማ ያቆማሉ፣ ቤቱ ውስጥ ያድራሉ። ደሴቲቱ በሕግ ከአባቴ ወደ እኔ መተላለፏን ያውቃሉ፤ ቢሆንም አክስቴን ሳላማክር አልፈርምም ብያቸዋለሁ። ለእርስዎም በደብሩ የአረጋውያን ቤት አልጋ ጠይቄ ተፈቅዷል። ሙቅ ውሃ በቧንቧ ይወርዳል። ሰባ አንድ ዓመት ሞላዎት እኮ፤ ከእንግዲህስ ቢያርፉ ምን አለበት?

ኤልስፐት እጅ ትነሳለች።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ ሲግቫርት


ግሮሆልመን፣ ጥቅምት 9 ቀን 1958

ለወንድሜ ልጅ ለሲግቫርት፣

ሰላም ለአንተና ለሚስትህ ይሁን። ጉልበቴ እንዳለ ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፤ ኦድቫር ይመጣል። የጠየቅከኝን መልሻለሁ።

ምን ነካህ አንተ ልጅ? ዐሥራ ሁለት ሰው! በሚያዝያ መጨረሻ! እዚሁ አይደለም እንዴ የተወለድከው? እኔ ለሥጋ ዘመዴ ብዬ በእራፊ ወረቀት የጫርኩትን አዳራሽ ላይ ቆመህ ታነባለህ? በገዛ እጄ ጽፌ ነው ለካ ቤቴን ያስነጠቅኩት።

የረሳኸውን ላስታውስህ። ጠላቂውም ዝይውም አልፎ ይሄዳል፤ ለእሱ ከሩቅ ቆሞ ማየት ይበቃዋል። የእኛ ዳክዬዎች ግን አያልፉም። ከመጋቢት ጀምሮ ከደሴቲቱ ፊት ውሃው ላይ ተሰብስበው እኔን ይጠብቃሉ። ዘጠና አራት ቤት አለኝ ለእነሱ፤ ግማሹ በድንጋይ፣ ግማሹ በሳንቃ፣ አራቱ በተገለበጠ አሮጌ ጀልባ ሥር። በየቤቱ የደረቀ የባሕር ሣር አነጥፋለሁ። ሴቷ ወጥታ በእግሯ እየተንገዳገደች ቤቱን ታያለች፤ ካልጣማት ወደ ሌላው ትሄዳለች፣ ባሏ ውጭ ቆሞ ይነጫነጫል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ቅዱስ ዮሐንስ ቀን፣ እስከ ሰኔ 24፣ እዚህ መዶሻ አይመታም፣ ውጭ እሳት አይነድም፣ ነጭ ልብስ አይሰጣም፣ እንግዳ አይረግጥም፣ ሞተር አይጠጋም። ደብዳቤዬ እንኳ ማዶ ሶሮያ ላይ ኦድቫር ቤት ይከማቻል። እኔም ቀዝፌ አልሄድም፤ ደሴቲቱን ለቁራ ጥዬ ወዴት እሄዳለሁ? አርባ ስድስት ጸደይ ያንኑ ቡኒ ቀሚስና ያንኑ ሻርፕ ነው የለበስኩት። ሲቀደድ እጥፈዋለሁ እንጂ አልለውጠውም፤ ያውቁታል። አንተ በስድስት ዓመትህ ቀይ ሹራብ ለብሰህ ስትወጣ አባትህ በብብቱ ሸጉጦ ያስገባህ ለዚህ ነበር፤ እግርህን እያወራጨህ ስትነክሰውም ድምፁን አላሰማም።

እንቁላል ላይ የተቀመጠች ዳክዬ ከደነገጠች ትነሳለች። ተነሳች ማለት አለቀ ማለት ነው። ቁራው አለ፣ ቀማኛ የባሕር ወፍ አለ፤ በአንድ ጠዋት ቅርፊት ብቻ ነው የሚቀረው።

ከየጎጇቸው ስለምለቅመው ላባ ብዬ እንዳይመስልህ። እሱ ብርድ ልብስ ይሞላል፤ ሌላ ምን ይሠራል? ባል አላገባሁ፣ አልወለድኩ። በዚህ ምድር ላይ እኔን አምኖ ደጄ ድረስ የመጣ ፍጡር እነሱ ናቸው። ሰዎችህ ከቅዱስ ዮሐንስ በኋላ ይምጡና አልጋዬንም እለቅላቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን በሞቴ፣ አይሆንም።

አክስትህ ማግንሂልድ


አበርዲን፣ ኅዳር 2 ቀን 1958

ለተከበሩ አክስቴ፣

ከብርዱም ከሕመሙም እንዲጠብቅዎት እየለመንኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነገር ግን ከቅዱስ ዮሐንስ በኋላ ምን ሊያዩ ይመጣሉ? ወፉ ሁሉ አልፎ ሄዷል እኮ! ማኅበሩ የሚፈልገው ጉዞውን ነው። ደግሞም የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ሲራመዱ አይሰሙም፤ ጫማቸው ጎማ ነው። ዳክዬዎቹ ካልተመቻቸው ሌላ ደሴት ሞልቷል፤ ባሕሩ የእኛ ብቻ አይደለም።

አክስቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኔ እዚህ መርከብ ድርጅት ውስጥ ጎንበስ ብዬ የዕቃ ዝርዝር ስገለብጥ የምውል ሰው ነኝ። አለቃዬ ስሜን በትክክል ጠርቶት አያውቅም። በዚያ ማኅበር ግን ከግሮሆልመን ወዲህ ወንበር ይስቡልኛል። ኮሎኔሉ ቤቱ ጠርቶኛል። ገና አሁን ነው ሰው የሆንኩት። ይህን ቢረዱልኝ ምን አለ?

የአረጋውያን ቤቱን ቅጽ አብሬ ልኬያለሁ። ሲፈርሙ ለኦድቫር ይስጡት።

ሲግቫርት


ግሮሆልመን፣ ኅዳር 27 ቀን 1958

ሲግቫርት፣

ቅጹ ምድጃ ለማያያዝ ጥሩ ነበር፤ አልቋል፤ ሌላ ካለህ ላክልኝ።

ሰው ሆንኩ አልከኝ? ጎሽ! በእኔ ቤት፣ በእኔ ወፎች፣ በእኔ ዓይን ድካም ወንበር ተሳበልህ። ወፎቹን አንተ ቆጥረሃቸዋል? በዐሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ሻንጣህን አንጠልጥለህ ስትሄድ ወደ ኋላ ዞር አላልክም። አባትህን ስንቀብር አራት ሆነን ሳጥኑን ወደ ጀልባ ስናወርድ የት ነበርክ? «ፈቃድ አልሰጡኝም» ብለህ ቴሌግራም ላክህ።

እንግዲያው ዝም ብዬህ የኖርኩትን ስማ። አባትህ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው እጄን ይዞ እንዲህ አለኝ፦ «ማግንሂልድ፣ ይህች ደሴት በሲግቫርት እጅ እንዳትወድቅ አደራ። ልጁ ልብ የለውም፤ ከትንሽነቱም አልነበረውም።» ይኸው ነው የመጨረሻ ቃሉ። እንዳይከፋህ ብዬ ዘጠኝ ዓመት ደብቄልህ ነበር። አሁን ይክፋህ።

ማግንሂልድ


አበርዲን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1958

አክስቴ፣

መልካም የልደት በዓል።

ማኅበሩ ሚያዝያ 28 ቀን ይመጣል። ዐሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ጀልባ ይከራያሉ። ማማውን ራሳቸው ይሠራሉ፤ ሚስማርና መዶሻ ይዘው ነው የሚመጡት። እርስዎ እስከዚያ ዕቃዎን ሸክፈው ይጠብቁ።

ሲግቫርት


ግሮሆልመን፣ ጥር 25 ቀን 1959

ለአቶ ሲግቫርት፣

አዲሱ ዓመት ለእርስዎም ለባለቤትዎም የጤና ይሁንልዎት።

ባለርስቱ እርስዎ ስለሆኑ ከእንግዲህ አንተ ማለት ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ስለ ቅጹና ስለ አፌ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ብቻዬን ከርሜ ንግግር ጠፍቶኛል።

 እኔን ማውጣት ከፈለጉ ያውጡኝ። በሰኔ መጨረሻ፣ ጫጩቶቹ ውሃ ከገቡ በኋላ፣ አንድ ቃል ሳልናገር እወጣለሁ። ዘንድሮን ብቻ፣ በአባትዎ አጥንት ይዤዎታለሁ፣ ዘንድሮን ብቻ ዳክዬዎቹ እንዲያድሩበት ይፍቀዱላቸው። ሰዎቹ ማዶ ሶሮያ ሆነውም ጠላቂውንም ዝይውንም ማየት ይችላሉ፤ እኔ ቀን በቀን ቆጥሬ እጽፍላቸዋለሁ፤ በእርስዎ ስም ይነበብ። ከፈለጉ ያለኝን የአንገት ጌጥ ለባለቤትዎ እልካለሁ፤ የእናቴ ነው።

በእግርዎ ሥር ወድቄአለሁ። ሕይወቴን ሙሉ ማንንም እንዲህ ለምኜ አላውቅም።

ማግንሂልድ


ግሮሆልመን፣ መጋቢት 30 ቀን 1959

ለአቶ ሲግቫርት፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ለጥር ደብዳቤዬ መልስ አልመጣም። ኦድቫር በመጣ ቁጥር ወደብ ድረስ እወርዳለሁ፤ እሱም ገና ከሩቁ ራሱን ይነቀንቅልኛል። አሁን አሁንማ ዓይኔን ማየት አፍሮ ገመዱን እየጠቀለለ ነው የሚያወራኝ።

ዳክዬዎቹ መጥተዋል። ዛሬ ጠዋት ሦስት መቶ ሠላሳ ቆጠርኩ። ወንዶቹ ይጣራሉ። ዝዮቹም ትናንት ጀመሩ፤ ሁለት መቶ የሚሆኑ ዝቅ ብለው አለፉ። ለወትሮው ይህን ጊዜ የባሕር ሣሩን አነጥፍ ነበር። ዘንድሮ ክምሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ላንጥፍ ወይስ አላንጥፍ? አንጥፌ ከጠራኋቸው በኋላ መዶሻችሁ ሲመጣ ያን ሁሉ እንቁላል ለቁራ የሰጠሁት እኔው ነኝ።

ኦድቫር ለመጨረሻ ጊዜ የሚመጣው ሚያዝያ 14 ነው። እርስዎ እዚህ ስላደጉ ያውቁታል፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አይደርሰኝም። አይሆንም ለማለትም ቢሆን እስከዚያ አንድ መስመር ይጻፉልኝ። ካልመጣ ሰዎቹ እንደሚመጡ አውቄ የማደርገውን አደርጋለሁ።

ማግንሂልድ


አበርዲን፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1959

ለውድ አክስቴ ለማግንሂልድ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ይስጥልኝ። ይህን ሲያነቡ ደስ እንደሚልዎት ስለማውቅ እኔም ከወራት በኋላ ልቤ ቀለል ብሎኛል።

ማንም አይመጣም። ማኅበሩ ሌላ ቦታ አገኘ፤ መኪና የሚገባበት፣ ሆቴል ያለው። አብሮ የተላከው ወረቀት በዳኛ ፊት የፈረምኩት ነው፤ በሕይወት እስካሉ ድረስ ግሮሆልመን ላይ ማንም አይነካዎትም፤ እኔም ጭምር። ዕቃዎን ይፍቱ። ዳክዬዎን ያስገቡ።

አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ማኅበሩ ሐሳቡን የለወጠው በየካቲት መጀመሪያ ነው። ያኔውኑ መጻፍ እችል ነበር፤ አልጻፍኩም። ስለ አባቴ የጻፉልኝ ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ፤ ሥራ ላይ ሆኜ ይሰማኛል፣ ሳላስበው ይሰማኛል። የልመና ደብዳቤዎ ሲመጣ፣ «እርስዎ» እያሉ ሲጽፉልኝ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ አለኝ። ትንሽ ትንገብገብ፣ እኔም ተንገብግቤአለሁ አልኩ። የመጋቢቱም ሲመጣ «ጥቂት ቀን ትቆይ» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ዛሬ ኤልስፐት አግኝታው ተርጉምልኝ አለች፤ ቃል በቃል አነበብኩላት። «አንተ ጭራቅ፣ ዛሬውኑ ጻፍ» ብላ ወረቀቱን አምጥታ ፊቴ ወረወረችልኝ። አሁን አጠገቤ ቆማለች።

አልረፈደም አይደል? ጸደይ ገና አሁን መግባቱ ነው።

ይቅር ይበሉኝ።

ሲግቫርት


ግሮሆልመን፣ ግንቦት 19 ቀን 1959

ሲግቫርት፣

ደብዳቤህ ሚያዝያ 30 ደረሰኝ። እንዴት እንደደረሰኝ ልንገርህ፤ በሕጉ ቢሆን ሶሮያ ላይ እስከ ቅዱስ ዮሐንስ ይተኛ ነበር።

ሚያዝያ 14 ኦድቫር ባዶ እጁን መጣ። በማግስቱ ጀመርኩ። የዘጠና አራቱን ቤት በር በድንጋይ ደፈንኩ። የባሕር ሣሩን ክምር እርጥቡን እንዳለ አነደድኩት፤ ጭሱ ደሴቲቱን ሸፈናት። ከዚያ ትልቁን የመዳብ ድስት ክዳን ይዤ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድኩና መቀጥቀጥ ጀመርኩ። እኔ እንደሆንኩ እንዲያውቁ ስላልፈለግሁ ቡኒ ቀሚሴን አውልቄ የአባትህን የዝናብ ካፖርት ለበስኩ። መጀመሪያ ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ። አልገባቸውም። ማታ ሲሆን ተመለሱ፤ እኔም ተመለስኩ። በአምስተኛው ቀን ግማሾቹ ሄዱ። በዘጠነኛው ቀን ሁሉም ሄዱ፤ አንዷ ግን ቀረች። አሮጊት ናት፤ ጎኗ ላይ ጠባሳ አለ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ከማድቤቱ ደረጃ ሥር ነው የተኛችው። ካፖርቱ አላታለላትም፤ በአረማመዴ አወቀችኝ መሰለኝ፣ በክዳኑ ጩኸት መሀል ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። ጮህኩባት። መጣች። ድንጋይ ወረወርኩና ክንፏን አገኘሁት። ወደ ውሃው እየተጎተተች ሄደች። እዚያው አንድ ንስር ያንዣብብ ነበር።

ለእነሱ አዝኜ ነው፣ እንቁላል ላይ ተቀምጠው ሳሉ ከሚመጣባቸው መዶሻ አሁን መባረሩ ይሻላቸዋል ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግር ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ክፋት ነው። ዐሥራ ሁለቱ ጌቶችህ ወርደው ባዶ ደሴት እንዲያገኙ፣ አንተም በእነሱ ፊት እንድታፍር ፈልጌ ነው።

ሚያዝያ 28 ማንም አልመጣም። ዳክዬዎቹ እንዳይመለሱ በ29ም ክዳኑን ስቀጠቅጥ ዋልኩ፤ ቀኑ ነፋስ አልነበረውም። በ30 ሞተር ሰማሁ። መጡ ብዬ ካፖርቱን ቆልፌ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደብ ላይ ቆምኩ። ኦድቫር ነበር።

«ማግንሂልድ፣ አብደሻል እንዴ?» አለኝ ገና ከጀልባው ሳይወርድ። «ማዶ ድረስ ድስት ስትቀጠቅጪ ሰማሁ። ሚስቴን፣ ዘንድሮ ሕጉ ተነሣ መሰለኝ አልኳት። ተነሥቶ ከሆነማ ይህ ደብዳቤ እኔ ቤት ሦስት ቀን ተኝቶ ምን ያደርጋል ብዬ አመጣሁልሽ። ከልጁ ነው። ደስ አይልሽም?»

እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ኦድቫር «ደግ ነገር ነው?» አለ። አዎ አልኩት። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ እጄን ጨበጠኝ፤ እጄ ጥላሸት ስለነበረበት እጁን በሱሪው ጠረገ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሮቹን ከፈትኩ። ከሰገነቱ ያወረድኩትን የዓምናውን ሣር አነጠፍኩ። ቡኒ ቀሚሴን ለብሼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ተቀመጥኩ። ጠላቂዎቹ አለፉ፤ በአንድ ጠዋት ስምንት መቶ። ዝዮቹ አለፉ። ዘንድሮ ያላለፈ ወፍ የለም፤ አየሩም ጥሩ ነበር። ዳክዬ ግን አንድም አልወጣም። እዚህ የተፈለፈሉት ናቸው እዚህ የሚመለሱት፤ ያሉት እኔን ፈርተው ሄደዋል፤ ዘንድሮም የሚፈለፈል ስለሌለ ሌላ ጸደይ የሚመለስ የለም። አንተ ታውቀው የለ፤ ወይም ታውቀው ነበር።

አልረፈደም አይደል ብለሃል። ረፍዷል።

ስለ አባትህ የጻፍኩልህ ውሸት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እንደዚያ አላለም። ሦስቱንም ቀን ስምህን ነው ሲጠራ የነበረው፤ «ጀልባው ገባ? ልጁ መጣ?» ይለኝ ነበር። ልነግርህ የማልፈልገው ይህን ነበር፤ በጣም ስለሚያምህ። አሁን ዕወቀው።

ወረቀትህን መልሼልሃለሁ፤ ደሴቲቱን ለፈለግከው ስጥ። የአረጋውያን ቤቱ አልጋ ካልተያዘ ለእኔ አድርግልኝ፤ ኦድቫር በሚመጣው ሐሙስ ያሻግረኛል። አንድ ነገር ብቻ ጻፍላቸው። በዚያ ቤት ጥሩው ክፍል ወደ ባሕር የሚያየው ነው ይላሉ፤ ለአዲስ ሰው በክብር የሚሰጡትም እሱን ነው። እኔን በጓሮ በኩል ያስገቡኝ፤ መስኮቱ ግድግዳ የሚያይ ይሁን።

ማግንሂልድ